የአራሷ በር

የከተማዋን ስም ታሪኩን ያወረሱን ሰዎች አልያዙትም። ደጋና ቆላ በሚገናኙበት አምባ ላይ የተቆረቆረች፣ መስጊዷ በድንጋይ የታነጸ፣ ሰዎቿም አርሰውና ነግደው የሚያድሩ አሮጌ ከተማ ነበረች ይላሉ፤ ከዚህ በላይ አይሉም። የሰውየውን ስም ግን ይዘውታል። ሸህ ጡሃ ይባሉ ነበር።

ሸህ ጡሃ ከንጋት ሰላቱ ከፈጅር እስከ ረፋድ መስጊድ ተቀምጠው ፊቅህ፣ የሃይማኖቱን ሕግ፣ እያስተማሩ ያቀራሉ፤ ከዚያ ወዲያ እርሻቸው ላይ ይውላሉ። ከማንም እጅ አይጠብቁም፤ የታመመ መጠየቅ፣ ጀናዛ መሸኘት አያጓድሉም። አንድ ነገር ግን ነበረባቸው፤ እሳቸውም አላወቁት፣ ሰውም አልነገራቸውም። ክርክር ይወዱ ነበር፤ ሲከራከሩም ይረቱ ነበር። የሚረቱት ግን ሁልጊዜ በነገሩ አልነበረም። አንድ ገበሬ ስለ ውርስ ቢሞግታቸው፣ "አንተ መጀመሪያ ፋቲሃህን አስተካክለህ መቅራት ትችላለህ?" ይሉታል። ሰው ይስቃል፤ ገበሬው አንገቱን ይደፋል፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ስለ ውርሱ የተናገረው ልክ ይሁን አይሁን ተመልሶ የሚጠይቅ የለም። ሸሁም ሐቅን የረዱ እየመሰላቸው ቤታቸው ይገባሉ።

አንድ ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በታችኛው ሰፈር እሳት ተነስቶ የሣር ክዳን ቤቱን ሁሉ ጠራርጎ በላው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሣር ፈራ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው በእንጨት ተረብርቦ በጭቃ የተደፈነ ቤት ይሠራ ጀመር። ቤት ውስጥ ፍልጥ ማንደድ ቀረና ከሰል ተተካ። ከሰል ነበልባል የለው፣ ጢስ የለው፤ ንጹሕ እሳት ነው ተባለ። በዚያ አገር ልማድ ደግሞ አራስ አርባ ቀን ጓዳ ገብታ ትተኛለች። ብርድ እንዳይነካት በሩ ይዘጋል፣ ስንጥቁ በጨርቅ ይወተፋል፣ እግሯ ሥር እሳት አይጠፋም። አሁን እሳቱ ከሰል ሆነ።

መጀመሪያ የሞተችው የሐጂ በድረዲን ልጅ ናት፤ በወለደች በዘጠኝ ቀኗ። ሐጂ በድረዲን የጨው ነጋዴ ነበሩ፤ ልጅ ሆነው ከሸህ ጡሃ ጋር በአንድ የእንጨት ሉሕ ላይ ቁርኣን የቀሩ፣ የእድሜ ልክ ወዳጃቸው። ሴቶቹ ሊሰናበቷት ፊቷን ሲያዩ ደነገጡ። መልኳ አልገረጣም። ጉንጯ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደም መስሏል፤ ቢጠሯት የምትነሳ ትመስላለች። ወር ሳይሞላ ሌላ አራስ ሞተች፤ እሷም እንደዚያው ቀልታ። በወሊድ የሞተች ሴት የሸሂድ፣ የሰማዕት፣ ምንዳ እንዳላት ያን ጊዜም ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሸህ ጡሃ በሁለተኛዋ ጀናዛ ላይ ቆመው፣ ያ ቅላት አሏህ ለሸሂዶች የሰጠው ምልክት ነው ብለው ተናገሩ። እናቶች እንባቸውን ጠረጉ። ሐጂ በድረዲን የሸሁን እጅ ይዘው ሳሙ፤ ከልጃቸው ሞት ወዲህ እህል አልወርድ ያላቸው ሰው ያን ቀን በሉ።

የሴት ጀናዛ የምታጥበው ረውዳ የምትባል ሴት ነበረች። ሁለት ጊዜ አግብታ ልጅ ስላላገኘች ሁለቴ ተፈታለች። ሰው የሚፈልጋት ሞት ሲመጣ ነው፤ ለሠርግና ለልጅ ስም ማውጫ ለአቂቃ የሚጠራት የለም። ከሁለተኛዋ ጀናዛ በኋላ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት ተሰግዶ ሸህ ጡሃ ደጃፋቸው ላይ ከሦስት ከሚያቀሯቸው ሰዎች ጋር ተቀምጠው ሳለ መጣችና ፈንጠር ብላ ቆመች። ያን መልክ ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ እንዳየችው ነገረቻቸው። በክረምት ቤቷን ዘግታ፣ ከሰል አንድዳ የተኛች፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ነበረች፤ እሷንም አጥባታለች። አሮጊቷ ሰባ ዓመቷ ነበር፤ አራስ አልነበረችም።

"መልኩ አንድ ነው ሸሁ። እኔስ ከሰሉ ነው የሚመስለኝ።"

ሸህ ጡሃ ቀና ብለው አዩዋት። ሦስቱ ሰዎች ምን እንደሚሉ ይጠብቃሉ።

"እመት ረውዳ፣ አጣቢ ያየችውን የመሸፈን አማና አለባት፤ አፍሽ ዝግ ይሁን። ደግሞስ አንድ ቀን እንኳ አራስ ሆነሽ የማታውቂ፣ የአራስን ነገር ከየት አመጣሽው?"

ሰዎቹ ሳቁ። ረውዳ "እሺ ሸሁ" ብላ ነጠላዋን አጣፋችና ሄደች። ሸህ ጡሃ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ነገሩን ረሱት።

ሦስተኛዋ የራሳቸው የወንድም ልጅ ዘምዘም ሆነች። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። በወለደች በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እናቷ ለሰላት ወጥታ ቁርስ ይዛ ብትመለስ በድን ሆና አገኘቻት። አጎቷ ናቸውና ከፈኑ፣ መግነዙ፣ ሳይታሰር ሊሰናበቷት ገቡ። ረውዳ ጨርቁን ከፊቷ ገለጠችላቸው።

ዘምዘም ቀልታለች። ሸህ ጡሃ "ምልክት" ሊሉ ሲሉ የሰባ ዓመቷ አሮጊት ትዝ አለቻቸው። እሷ አልወለደች፤ ታዲያ ምልክቱን ማን ሰጣት? ይህ ከወር በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ ነበር። ያን ቀን የጠየቁት ግን ሌላ ነው።

"ረውዳ፣ ምን አየሽ?"

"አፍሽ ዝግ ይሁን ብለውኛል" አለች። በቂም አልተናገረችውም፤ የታዘዘችውን እንደምታስታውስ ሰው ነው፤ የታጠበበትን ጨርቅ እየጨመቀች።

ሸህ ጡሃ አቀረቀሩ። እንድትናገር ለመኗት። አሁንም ግን የሚከነክናቸው ነገር ነበር፤ የሚገድለው ከሰሉ ከሆነ አስታማሚዎቹ እንዴት ተረፉ? የዘምዘም እናት አብራት ነው የምታድረው።

"እነሱማ ይወጣሉ። ለዉዱእ ሊታጠቡ ይወጣሉ፣ ለሰላት ይወጣሉ፤ በቀን አምስት ጊዜ ነፋስ ያገኛሉ። ግን ራሴን አዞረኝ የማትል አስታማሚ አለች? ይጠይቋቸው። አራሷ ኒፋስ ላይ ናት፣ የወሊድ ደሟ አልነጻም፤ ሰላት የለባትም። እሷን ማን ያስወጣታል?"

ሸህ ጡሃ የኒፋስን ሕግ ሠላሳ ዓመት አቅርተዋል። መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ምን እንደሚከለክል ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጓዳው ውስጥ ምን እንደሚመስል ግን አንድ ቀን አስበው አያውቁም።

"ይህን ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝማ።"

ዘምዘምን ቀበሩ። ሸህ ጡሃ ግን ለሐዘን መቀመጥ አልቻሉም። የሐጂ በድረዲን ምራት ሰዕዲያ እሑድ ዕለት ወልዳ፣ የሐጂው ልጅ በሞተችበት በዚያው ጓዳ ተኝታለች። ባሏ ጨው ሊያመጣ ቆላ ወርዷል፤ በቤቱ የሚያዙት ሐጂው ብቻ ናቸው። ጁሙዓ ጠዋት ሸሁ ደጃቸው ሄዱ፤ ሐጂው ገበያ ነበሩ። የቤቱ ሴቶች ያለ ሐጂው ቃል የአራስ በር አንከፍትም አሉ። የሰው ቤት ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ያውም የአራስ ጓዳ። ሸሁ ተመለሱና ጁሙዓን ጠበቁ።

ሰላቱ እንዳበቃ ጀማዓው ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር እንዲቆይ ጠየቁ። ረውዳንም አስጠርተው ነበርና ከበሩ አጠገብ ፊቷን ሸፍና ቆመች። ሸህ ጡሃ ነገሩን ሳያሽሞነሙኑ ተናገሩ። ምልክት ነው ያልኳችሁ ከራሴ ነው፣ ተሳስቼ አሳሳትኳችሁ አሉ። የአሮጊቷን ነገር አወሩ፣ የአስታማሚዎቹን አወሩ፤ በስተመጨረሻ ወደ ሐጂ በድረዲን ዞረው የሰዕዲያ በር አሁኑኑ እንዲከፈት፣ ከሰሉም እንዲወጣ ለመኑ።

 ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። አያቶቻችን ሁሉ እሳት ሥር ነው የወለዱት፣ ለምን አልሞቱም አለ አንዱ። ሸሁ የአያቶቻችን ጣሪያ ሣር ነበር፣ ቤቱ በክዳኑ ይተነፍስ ነበር ብለው መለሱ። ሌላው፣ ዛሬ ከሰል አጥፉ ይሉናል፣ ነገ ብርድ ልብስ ግፈፉ ይላሉ፣ ከነገ ወዲያ ጭራሽ ሴት አትውለድ ሊሉን ነው አለ፤ ብዙ ሰው ሳቀለት። ሦስተኛው ተነስቶ፣ ሞት አሏህ በጻፈው ቀደር ነው ወይስ በከሰል፣ አንዱን ይምረጡልን አለ። ሸሁ፣ ገደል የገባም ሰው የሞተው በቀደር ነው፤ ልጆቻችንን ግን ከገደሉ አፋፍ እንመልሳለን አሉ። ጥሩ መልስ ነበር። ጥሩ መልስ የሚሰማበት ሰዓት ግን አልነበረም።

ሐጂ በድረዲን ተነሱ።

"ልጄ ሸሂድ አይደለችም ነው የሚሉኝ?"

"አላልኩም። ሸሂድነቷ አሏህ ዘንድ ነው። ጓዳው ነው እኛ ዘንድ ያለው።"

"ማን ነው ይህን ያስተማረዎት? ያቺ መካን?"

ከዚህ በኋላ ስለ ጓዳው የተናገረ ሰው የለም። ወሬው ሁሉ ረውዳ ሆነ። መካን ናት፣ ወላድ ስታይ ያማታል ተባለ። ሁለት ባል የፈታት ሴት ምን ይታመናል ተባለ። የሙታንን ገመና ደጅ ታወጣለች ተባለ። እሷም እኮ ቤቷ ከሰል ትሞቃለች አለ የጎረቤቷ ባል። አንዱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ፣ ሞት እንጀራዋ ነው፣ የሞት ነገር ብታወራ ምን ይገርማል አለ። ሸሁም መልስ ይሰጡ ነበር። ደግ ሴት ናት፣ ሰላቷን ትጠብቃለች፣ አማናዋን በልታ አታውቅም እያሉ ሲሟገቱላት፣ እሳቸውም ከከሰሉ ርቀው እንደሄዱ አልታወቃቸውም። የወይራው ጥላ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን ዞረ።

ረውዳ ከበሩ ሥር አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። "ሞት እንጀራዬ ከሆነ ዝም ብል አይሻለኝም ነበር?"

 አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ግን፣ ሸሪዓችን የምስክርን ማንነት መርምሩ ይላል፣ ስለዚህ ሴትየዋን መመርመራችን ልክ ነው አለ። ሸህ ጡሃ ይህን ሲሰሙ የባነኑ መሰሉ።

"እመኑኝ ብትለን እንመረምራት ነበር" አሉ። "እሷ እመኑኝ አላለችም። ጓዳውን ክፈቱና እዩ ነው ያለችው። ጓዳው ባል አግብቶ አልፈታም፣ መካንም አይደለም።"

ሐጂ በድረዲን ግን ወደ እሳቸው ዞሩ። "ባለፈው ወር ምልክት ነው ያሉኝ አንቱ፤ ዛሬ ከሰል ነው የሚሉኝም አንቱ። እኔ የትኛውን ሸህ ጡሃ ልመን?"

ይህ ሸሁን ከወገባቸው ነካቸው። ሠላሳ ዓመት በሌላው ላይ የሰነዘሩት ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን የሚመታ ቃል ነበርና ሕመሙን ያን ቀን ቀመሱት። ከጎናቸው ኑርዬ የሚባል፣ ለሸሁ ሟች የሆነ ገበሬ ተቀምጦ ነበር። ሸሁ ሲደፈሩ አልቻለም፤ ብድግ አለ።

"ሐጂ፣ የልጅዎን ጓዳ በገዛ እጁ ጭቃ የመረገው ማን እንደሆነ ይናገሩና…"

ሸህ ጡሃ ክንዱን ይዘው ወደ መሬት ሳቡት። "ዝም በል" አሉት። "እውነት ነው። ግን የሰዕዲያን በር አይከፍትም።"

ነገሩ ግን ተሰምቷል። ሐጂ በድረዲን ባሉበት ቆመው ቀሩ። ሸሁ ያን ጊዜ ነው የወዳጃቸው ልብ የገባቸው። ይህ ሰው ስለ ረውዳ ደንታ የለውም። ከሰሉ ነው ካለ፣ ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ይህን አፉን ሞልቶ ከሚል ከተማውን ሁሉ ቢሰድብ ይቀለዋል። ሸህ ጡሃ ተነሱ፤ ሄደውም ሐጂው እግር ሥር፣ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። በልጅነት ስማቸው ጠሯቸው።

"በድሩ፣ አጥፊ እየፈለግን አይደለም። የግድ ካስፈለገ እኔ አለሁልህ፤ የነገረችኝን ሴት አስቄባት መለስኳት። ለአንድ ቀን ብቻ ክፈትልኝ። ተሳስቼ ከሆነ ልጅቱን ብርድ ይነካታል፣ እኔን ትረግመኛለህ። አንተ ተሳስተህ ከሆነ ግን…"

አልጨረሱትም። ሐጂ በድረዲን ፊታቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸፈኑ። እንደተሸፈኑም፣ "ረውዳ ትግባ" አሉ። ሙአዚኑ ለዐስር አዛን ሊያደርግ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ረውዳ ቀድማ ገባች። በሩን ስትከፍተው የወጣው ሙቀት ደጅ የቆሙትን ሰዎች ፊት መታቸው፤ ሽታ ግን አልነበረውም። ሰዕዲያን በአንሶላ አድርገው አራት ሴቶች አወጧት። አንገቷ አይጸናም፣ ዓይኗ ተገልብጧል፤ ግቢው ውስጥ ነፋስ ሲያገኛት አስመለሳት። በሕይወት ነበረች። ረውዳ ተመልሳ ገባችና ልጁን ይዛ ወጣች። ገና ይሞቃል። ጉንጩ ቀልቷል። አይተነፍስም።

አስታማሚዋን ጠየቋት። የጁሙዓ ሰላት ካበቃ በኋላ ጡት ጠብቶ ነበር አለች። ከዚያ ብዙ አለቀሰ። ድምፁን ካጠፋ ገና ትንሽ ጊዜው ነው፤ እሷም እንቅልፍ ወሰደው ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ለልጁ ስም አልወጣለትም ነበር፤ አቂቃው ሁለት ቀን ይቀረዋል። ረውዳ አጠበችው፤ ጠቅልላም ለሐጂ በድረዲን እጅ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ማንም እንዲያግዛቸው ሳይፈቅዱ እስከ መቃብሩ ታቅፈውት ሄዱ። አፈሩ ተመልሶ ዱዓው ሲያልቅ ሰው አልተበተነም። ከወይራው ሥር የሳቁትም፣ የተሳደቡትም፣ ዝም ያሉትም ሸህ ጡሃን ያያሉ። አንደበታቸው የታወቀ ሰው ናቸውና ልብ የሚያሳርፍ ነገር ይጠብቃሉ። ሸህ ጡሃ ግን ይህን ብቻ ተናገሩ፦

"እኛ ስለ ረውዳ መካንነት ስናወራ፣ ልጁ በሕይወት ነበር።"

ከዚያች ጁሙዓ ወዲያ በከተማዋ የአራስ ጓዳ ሁሉ መስኮት ተፈለፈለለት። ሰዕዲያ ዳነች፤ ራስ ምታቱ ግን እስከ መጨረሻዋ አልለቀቃትም ይባላል። ቃሉን ከሚቀያይር ሸህ ኋላ አንሰግድም ብለው ወደ ላይኛው መስጊድ የሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ሸህ ጡሃ አልተከራከሯቸውም። ረውዳም ለሠርግ አልተጠራችም። ሰው ልክ ሆኖ መገኘቱ ሁልጊዜ አያስወድደውም።

የሸሁ ቃል አጭር ናት፤ ግን ሰው ቤቱ ይዟት ቢገባ ብዙ ታሳየዋለች። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ሰግደው የወጡ፣ ዉዱኣቸው ያልደረቀ ሰዎች ናቸው። ዋሽታችኋል እንዳንላቸው፣ ስለ ረውዳ ካወሩት ውስጥ እውነትም አለበት፤ መካን ነበረች፣ ተፈታችም፣ ከሰልም ትሞቅ ነበር። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ እውነት እየተናገሩ ከተጠየቁት መሸሽ ይቻላል። እኛም ቤታችን እንዲሁ ነን። ልጅ ወጡ እያረረ ነው ሲለን፣ አንተ መጀመሪያ ልብስህን እጠፍ እንለዋለን። ባል ጥፋታችንን ሲነግረን የእናቱን ጥፋት እንቆጥርለታለን። ጎረቤት ልጅሽን እዚህ ቦታ አየሁት ስትለን፣ የራስሽን ልጅ ያዢ ብለን በሩን እንዘጋለን። ረትተን ቁጭ እንላለን። ወጡም ያራል፣ ልጁም እዚያው ቦታ ይውላል።

ሸህ ጡሃ ሊያስተምሩ የፈለጉት ለረውዳ አዝነን እንድንሟገትላት እንኳ አይመስለኝም፤ እሱንም አድርገውታል፣ እሱም ጊዜ በልቷል። ሰው መጥቶ እዚያ በር ኋላ ነገር አለ ሲለን፣ አሏህ ልቦናውን ይስጠንና መጀመሪያ በሩን እንክፈት። የተናገረው ሰው የትም አይሄድብንም፤ ስለ እሱ ለማውራት ዕድሜ ልካችን አለን። ያ ሕጻን ግን የነበረው ከጁሙዓ እስከ ዐስር ያለው ጊዜ ብቻ ነበር።